አሮጌውን ቁም ሣጥን ለማገዶ አትፍለጡት

የክረምቱ ዝናብ አባርቶ የመስከረም ፀሐይ ስትወጣ በደብረ ማርቆስ ቤት ያላት ሁሉ ቤቷን ገልብጣ ታጸዳለች። ፍራሹ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ምንጣፉ ይታጠባል፤ በጓዳው ጨለማ ሦስት ወር ሙሉ ሻጋታ ሲያበቅል የከረመው ዕቃ ሁሉ ወደ ደጅ ይወጣል። ከሚወጣው ዕቃ መካከል ተመልሶ የማይገባ አንድ አይጠፋም፤ በሩ የወላለቀ ቁም ሣጥን፣ እግሩ የተሰበረ ኮመዲኖ ወይም መሳቢያው አልከፈት ያለ ቡፌ ይሆናል። ባለቤቲቱ «ዛሬ ነገ አናጢ አስጠራለሁ» ስትል ዕቃው ደጅ ያድራል፤ ዶሮ ይሰፍርበታል፤ የጥቅምት ውርጭ ይመታዋል። በመጨረሻም አንድ ቀን ማገዶ ሲያጥር መጥረቢያ ይነሣና ነገሩ በአንድ ጋገራ ያልቃል።

ውድ እናቶች፣ በዚህ ሳምንት ላጫውታችሁ የተነሣሁት ስለዚሁ ዕቃ ነው። መጥረቢያውን ከማንሣታችሁ በፊት ጥቂት ታገሡኝ። ያ አሮጌ ቁም ሣጥን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ የልጆች የመጫወቻ ልብስ ማስቀመጫ ሊሆን ይችላል። ልጆቻችሁ የአባታቸውን ካፖርት፣ የእናታቸውን ነጠላ፣ የአያታቸውን ባርኔጣ ከዚያ እያወረዱ ሙሽራም፣ ሐኪምም፣ አርበኛም፣ ንጉሥም ይሆኑበታል። የሚያስወጣው ገንዘብ የጥቂት ቪቴና የአንድ ቁራጭ ብረት ዋጋ ነው።

«በዚህ ኑሮ ደግሞ ለጨዋታ ልብስ ቁም ሣጥን?» የምትል እንደማትጠፋ አውቃለሁ። እውነቷን ነው፤ ነገሩ ለሰሚው የቅንጦት ይመስላል። ነገር ግን ልጆቻችን ያለ ቁም ሣጥንም ቢሆን ይህን ጨዋታ ከመጫወት ያቆሙበት ቀን የለም። እቃቃ ሲጫወቱ የእናታቸውን ሻሽ የማያስሩ፣ ሙሽራ ሙሽራ ሲሉ መጋረጃ የማያወርዱ የየትኛው ቤት ልጆች ናቸው? ለቡሄ ዱላ ይዘው ሆያ ሆዬ የሚሉት፣ ለእንቁጣጣሽ ቄጠማና አደይ ታቅፈው አበባየሆሽ የሚሉት ልጆች ለጨዋታ መልበስንና መዋብን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል። ስለዚህ ጥያቄው ይጫወቱ ወይስ አይጫወቱ አይደለም። ጥያቄው በምን ይጫወታሉ፣ የትስ ይጫወታሉ የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ እኔ በደረሰብኝ ነገር ተምሬዋለሁና ላጫውታችሁ።

አባቴ ባረፈ በዓመቱ፣ ዓባይን ተሻግሬ፣ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ደብረ ማርቆስ፣ እናቴ ዘንድ ሄድሁ። እህቴም ከሁለት ልጆቿ ጋር እዚያው ትኖራለች፤ ሴቷ ስድስት፣ ወንዱ አራት ዓመታቸው ነበር። የእናቴ ጓዳ በሁለት አሮጌ ዕቃዎች ተጣብቧል። አንዱ እናትና አባቴ ጎጆ ሲወጡ የተሠራ፣ አንድ በሩ የወለቀ የዋንዛ ቁም ሣጥን ነው። ሁለተኛው ደግሞ ባለ ክዳን ትልቅ የእንጨት ሣጥን ነው፤ ክዳኑ ላይ ዘለበት፣ ፊቱ ላይ ጓጉንቸር የሚገባበት ቀለበት ያለው፣ በየእናቶቻችን አልጋ ሥር ወይም ራስጌ የምናውቀው ዓይነት። በሁለቱም ውስጥ ያለው የአባቴ ልብስ ነበር።

እናቴ ያንን ልብስ ለማንም አልሰጥ ብላለች። «ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚለው ልጅ በደጃፋችን ባለፈ ቁጥር እህቴ በዓይኗ ትጠይቃታለች፤ እናቴ ግን «የአባታችሁን ካፖርት በላስቲክ ሣህን አልለውጥም» ትላለች። ብሉ ከሚበላው ብዬ አንድ ቀን ልብሱን አውጥቼ ገመድ ላይ ሰጣሁት፤ ሣጥኑንም ይናፈስ ብዬ ክዳኑን ከፍቼ ባዶውን ተውሁት። ጥፋቱ የኔ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስብ አሁንም ሆዴን ይቆርጠኛል።

ልጆቹ ድብብቆሽ ይጫወቱ ነበር። እኛ ቡና ላይ ተቀምጠናል። ትንሹ ልጅ እህቱን ፈልጎ ሲያጣ መጥቶ በእናቱ ቀሚስ ተጠመጠመ። «የት ተደበቀች?» አልነው። «እኔ እንጃ» አለ፤ ትንሽ ዝም ብሎም «ሣጥኑ እያለቀሰ ነው» አለን። በመጀመሪያ ሳቅን። ቀጥሎ እህቴ የቡናውን ረከቦት ገልብጣ ሮጠች። ልጅቱ ውስጥ ገብታ ክዳኑን በራሷ ላይ ስታወርደው ዘለበቱ ቀለበቱ ላይ ወድቆ ኖሯል። ዘለበቱን ከላይ የጣለ ሰው የለም፤ በራሱ ክብደት ነው የወደቀው። ከውስጥ የቱንም ያህል ብትገፋ አይከፈትም። ስናወጣት ልብሷ በላብ ርሶ፣ ከንፈሯ ገርጥቶ ነበር። ስንት ደቂቃ እንደቆየች የቆጠረ የለም።

ይህ በኛ ቤት ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ አገር የተጣሉ አሮጌ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ ልጆች እየተደበቁ አየር አጥሯቸው መሞታቸው ስለበዛ፣ ማቀዝቀዣ ሁሉ ከውስጥ ሲገፋ እንዲከፈት የሚያስገድድ ሕግ በ1956 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። በዚያው አገር በ1996 እ.ኤ.አ. ክዳናቸው ሲወርድ በራሱ የሚቆለፍ 12 ሚሊዮን ያህል የልብስ ሣጥኖች፣ ሕፃናት ውስጣቸው ታፍነው በመሞታቸው፣ መቆለፊያቸው እንዲቀየር ለባለቤቶቹ ጥሪ ተደርጓል። የኛ ሣጥን ከእነዚያ የሚለየው ፋብሪካ ያልሠራው በመሆኑ ብቻ ነው።

በዚያች ምሽት እናቴ መጥረቢያ አምጡልኝ አለች። ሣጥኑንም ቁም ሣጥኑንም በአንድነት ልትፈልጣቸው ቆርጣለች። በማግሥቱ የሠፈራችንን አናጢ ስናስጠራ፣ ሰውዬው ሣጥኑን በእጁ አንኳኳው፤ ቁም ሣጥኑንም ዳበሰውና «እትዬ፣ ይኼ ዋንዛ ነው እኮ። ይህን እንዴት ይፈልጡታል? ጥፋቱ የመቆለፊያው ነው እንጂ የእንጨቱ አይደለም» አላት። ይህ አባባሉ ነው ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ።

ሰውዬው የሠራውን እንደሠራው ልንገራችሁ። ከሣጥኑ ዘለበቱንና ቀለበቱን በጉጠት ነቀለ፤ ክዳኑንም ከማጠፊያው ፈትቶ አወለቀው። ክዳን የሌለው ሣጥን ማንንም አያፍንም፤ ጫማና ባርኔጣ መያዣ ሆነ። ከቁም ሣጥኑ የቀረውን አንድ በር አወጣ። በዚህ እናቴ አዝና ነበር፤ በሩ ላይ የተቀረጸ አበባ አለበት። ይሁን እንጂ ለልጆች የሚሆን ቁም ሣጥን በር ባይኖረው ይሻላል። በር ካለ መቀርቀሪያ ይኖራል፤ ጣት ይቀረቀራል፤ ልጅም ውስጡ ገብቶ ይደበቃል። አቧራውን የፈራች በመቀርቀሪያ ፋንታ ቀለል ያለ መጋረጃ ትስቀልበት።

ቀጥሎ እግሮቹን ቆረጣቸው። ይህን ያደረገው ቁመቱ እንዲያጥርና ወለሉን በሙሉ ገጹ እንዲቀመጥበት ነው። የላይኛውን የመስቀያ ዘንግ አውጥቶ ከወለሉ 90 ሣንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሌላ ዘንግ አስገባ። ይህ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ያለ ልጅ ሳይንጠራራ፣ ወንበርም ሳይስብ የሚደርስበት ልክ ነው። ልጁ ልብሱን ራሱ አውርዶ ራሱ ካልሰቀለው ጠቅላላው ድካም ከንቱ ነው፤ ተመልሶ የእናት ሥራ ይሆናል። ለዘንጉ የተጠቀመበት ቀርከሃ ነው። ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ የቀርከሃ ወንበርና አልጋ ተደርድሮ ያያችሁ ሁሉ ይህ ተክል በእኛ ደጋ ምን ያህል እንደሚበቅል ታውቃላችሁ። ቀላል ነው፤ ቢወድቅም አይጎዳም።

አሁን ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ቁም ሣጥኑ ከግድግዳው ጋር መታሰር አለበት። ልጅ መሳቢያን መሰላል፣ መደርደሪያን ደረጃ ያደርጋል። በ2016 እ.ኤ.አ. አንድ የታወቀ ዓለም አቀፍ የቤት ዕቃ ኩባንያ ባለ መሳቢያ ሣጥኖቹ በሕፃናት ላይ እየወደቁ ስለገደሉ በአሜሪካ ብቻ 29 ሚሊዮን ያህሉ እንዲመለሱ ወይም ከግድግዳ ጋር እንዲታሰሩ ጥሪ አድርጓል። እነዚያ በንጣፍ በተስተካከለ ወለል ላይ የቆሙ ናቸው። በእኛ የአፈር ወለል ላይማ ቁም ሣጥኑ ገና ሲቆም ጀምሮ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነው።

የጭቃ ግድግዳ ያላችሁ እናቶች «ጭቃ ምስማር ይይዛል ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ጭቃው አይዝም፤ ጭቃው ውስጥ የቆመው እንጨት ግን ይይዛል። ግድግዳውን በጣታችሁ አጥንት እያንኳኳችሁ ሂዱ፤ ቋሚው ያለበት ቦታ ድምፁ ይለወጣል። አናጢያችን ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ሁለት ቋሚዎች አግኝቶ፣ በክርን ቅርጽ የታጠፈ ብረት ከቁም ሣጥኑ አናት ወደ ቋሚዎቹ በረጅም ቪቴ አሠረው። ቤታችሁ ብሎኬት ከሆነ ግድግዳው ተበስቶ ፊሸር ይገባበትና በዚያ ይታሠራል። የኪራይ ቤት ከሆነም አከራዩን ጠይቁና አሥሩት፤ ሁለት ቀዳዳ መድፈን ቀላል ነው። ሲያልቅ ሁለት እጃችሁን ከላይ ጣል አድርጋችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡት። ከተነቃነቀ ገና ነው።

ስለ እንጨቱ ብዙ አላስቸግራችሁም። ዋንዛም ሆነ ጽድ፣ ውስጡ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ይታደሳል። በምስማር ጫፍ ስትወጉት እንደ ዳቦ የሚገባላችሁ ከሆነ ምስጥ ጨርሶታልና ለምድጃው ተውለት። ዝናብ ጠጥቶ ያበጠ ቺፑድም እንዲሁ ነው፤ ቪቴ አይዝም፤ በእርሱ ላይ አትድከሙ።

ቀለሙን በተመለከተ ግን ቆም በሉ። የድሮ የዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ ይጨመር ነበር። የምንጽፍበትን እርሳስ ማለቴ አይደለም፤ እርሳስ የተባለውን ከባድ ብረት ነው። በጥቂቱም ቢሆን ወደ ልጅ ሆድ ወይም ሳንባ ከገባ አእምሮውን ይጎዳል፤ የጎዳውንም መመለስ አይቻልም። በአገራችን በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። እናቶቻችን ያስቀቡት ቁም ሣጥን ግን ከዚያ በፊት የተቀባ ነው። ስለዚህ አሮጌውን ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፤ በዱቄቱ ቤቱን ትሞሉታላችሁ። ልጆቹን ወደ ጎረቤት ልካችሁ፣ ደጅ አውጥታችሁ፣ በውኃ እያራሳችሁ የተላላጠውን ብቻ አንሡና ጥራጊውን በላስቲክ ቋጥራችሁ ጣሉ። ከዚያ በላይ አዲስ ቀለም ይቀባ። ቀለም ያልነካው እንጨት ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ፤ ሻካራውን ማለስለስ፣ ብቅ ያለ ምስማር ካለ መምታት ይበቃል።

መስተዋት ልጆች ይወዳሉ፤ እኔም አልከለክልም። ነገር ግን ከቁም ሣጥኑ ለይታችሁ፣ ጀርባው ላይ ሙሉ ለሙሉ ፕላስተር ለጥፋችሁ፣ ከግድግዳው ጋር አጥብቃችሁ ስቀሉት። ቢሰበርም ስባሪው አይበተንም።

እንግዲህ ወደ ልብሱ እንምጣ። ይህ ደስ የሚለው ክፍል ነው። የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ በየቤታችሁ አለ፤ ለልዋጭ ልትሰጡት የቋጠራችሁትን ፌስታል ፍቱት። ያረጀ ነጠላ ሙሽራ ያደርጋል፤ ቄስም ያደርጋል፤ ሕሙምም ያደርጋል። ነጭ ሸሚዝ የሐኪም ልብስ ነው። ያለቀ መጋረጃ የንጉሥ ካባ ይሆናል፤ ደብረ ማርቆስ ገና መንቆረር ስትባል የኖረች፣ በ1873 ዓ.ም. የነገሡት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መናገሻ ነችና ልጆቿ ንጉሥ ቢሆኑ አይፈረድባቸውም። የገበሬ አጭር ቁምጣና ዱላ ከተገኘ በላይ ዘለቀን የማይሆን ወንድ ልጅ አላየሁም። የተበላሸ ስልክ፣ ማሠሪያው የተበጠሰ ቦርሳ፣ ባዶ የመነጽር ክፈፍ፣ የአባት ከረባት ሁሉ ይጠቅማል። ገበያ ወጥታችሁ የተዘጋጀ የመጫወቻ ልብስ እንድትገዙ አልመክርም። የተገዛ የሐኪም ልብስ ሁልጊዜ የሐኪም ልብስ ነው፤ ነጠላ ግን በአንድ ቀን ውስጥ አሥር ነገር ይሆናል።

ልብሱ ከመሰቀሉ በፊት ይቀቀል። ተባይ በልብስ ስፌት ውስጥ ይደበቃል፤ በደጋው አገራችን ቅማል ግርሻን የመሰለ ክፉ ትኩሳት እንደሚያስተላልፍ ታውቃላችሁ። ጥጡን በፈላ ውኃ ዘፍዝፉት፤ መቀቀል የማይወደውን ሱፍ ፀሐይ አስመቱና ስፌቱን በጋለ ካውያ ተጫኑት። ናፍታሊን ግን ፈጽሞ እዚያ አታድርጉ። ያች ነጭ ድቡልቡል ለልጅ ዓይን ከረሜላ ናት፤ ቢውጣት ደሙን የምትጎዳ መርዝ ነች። የልጆች ልብስ በየሳምንቱ ስለሚወርድና ስለሚራገፍ ብል ጊዜ አያገኝም።

መቀነቱን አሳጥሩት። ረጅም መቀነት፣ የአንገት ልብስና ገመድ የልጅ አንገት ላይ ሲጠመጠም፣ አንደኛው ጫፍም መደርደሪያ ላይ ሲያዝ የሚሆነውን ልነግራችሁ አይገባም። ወገብ ዞሮ ከሚታሰረው በላይ አያስፈልግም። ረጅም ቀሚስም እግር ላይ እንዳያደናቅፍ ጫፉ ይታጠፍ። ሌላው እሳት ነው። ነጠላ እሳት ሲነካው ብልጭ ብሎ ነው የሚያያዘው። ልጆች ደግሞ ነጠላ ሲለብሱ የመጀመሪያ ሥራቸው ቡና ማፍላት ነው። ስለዚህ ቁም ሣጥኑ ከምድጃው በራቀ ክፍል ይቁም፤ እናት ከሰል ባቀጣጠለችበት ሰዓት የጨዋታው ልብስ ይወልቅ። በዚህ ሕግ ቤታችን ድርድር የለም።

ይህን ሐሳብ ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ሳጫውተው «ወንዱ ልጄ የእናቱን ቀሚስ ለብሶ ባየው ደስ አይለኝም» አለኝ። ብዙ አባቶች እንዲህ እንደሚያስቡ አውቃለሁ። እኔም መልስ የሰጠሁት በሰው ስም ነው። አባባ ተስፋዬ ብለን የምንጠራቸው ተስፋዬ ሣህሉ፣ ሴት ተዋናይ በመድረክ ባልነበረችበት ዘመን የሴት ልብስ ለብሰው ሴት ሆነው ይጫወቱ ነበር። እኒሁ ሰው ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተዋል። ከዚያም ከአርባ ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ነግረዋል፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉም ያላዘነ ትውልድ አልነበረም። ባልደረባዬ ሳቀ፤ መልስ ግን አልሰጠኝም። የአራት ዓመት ልጅ ቀሚስ የሚለብሰው እናቱን ስለሚወድና ምን እንደምትሠራ ማወቅ ስለሚፈልግ ነው። እናት ሆኖ ሕፃን ያስተኛ ወንድ ልጅ ትልቅ ሲሆን ምን ዓይነት አባት እንደሚወጣው እስቲ አስቡት። ሴት ልጅም ካፖርትና ባርኔጣ ስታደርግ «ወንዳ ወንድ» እየተባለች አትሰደብ። የአባቷን ቦርሳ ይዛ «ሥራ ሄጃለሁ፣ ምሳ አስቀምጡልኝ» የምትል ልጅ የሚሰማትን ኩራት ፊቷ ላይ ታዩታላችሁ።

ቪጎትስኪ የሚባለው ሩሲያዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ይህን ጨዋታ ብዙ መርምሮታል። ልጅ ዱላን ፈረስ ሲያደርግ ዓይኑ ከሚያየው ነገር ተላቆ በሐሳብ መሥራት የሚጀምርበት ጊዜ እንደሆነ ጽፏል፤ ደግሞም ጨዋታ ልጅን ልቅ የሚያደርገው ሳይሆን ለደንብ የሚያስገዛው መሆኑን አሳይቷል። ይህን እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። የእህቴ ልጅ እንጀራ እስኪወጣ ለአፍታ መቀመጥ የማይችል ቀዥቃዣ ነው። ባርኔጣ ተደርጎለት «ዘበኛ ነህ» ሲባል ግን በር ላይ እንደ እንጨት ይቆማል። እህቱ ሙሽራ ሆና በፊቱ ብታልፍ እንኳ አይስቅም። ዘበኛ አይስቅማ!

የምታደምጥ እናት ከዚህ ሌላም ታተርፋለች። ልጅ በቀጥታ ሲጠየቅ የማይናገረውን በጨዋታ ያወጣዋል። አስተማሪዋ ሆና ባዶ ወንበር ላይ የምትጮኸውን ልጅ አይታችሁ «ትምህርት ቤት እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም። እናት ሆና «ደክሞኛል፣ አትንኩኝ» የምትለዋን ልጅ ሰምቼ ደግሞ እህቴ ቀኑን ሙሉ ዝም ብላ ዋለች። ሁላችንም ሠራተኞች ነን፤ ማንም በሌላው ላይ አይፈርድም፤ ግን ሰምታለች።

ቤታችሁ ጠባብ ከሆነ፣ አንድ ክፍል የኪራይ ቤት ከሆነ ወይም ኮንዶሚኒየም ከሆነ፣ ቁም ሣጥን የግድ አይደለም። በሩ የወለቀ አንድ ኮመዲኖ ይበቃል። ከአሮጌ ቡፌ የወጣ አንድ መሳቢያ አልጋ ሥር ሊገባ ይችላል፤ ከላዩ ግድግዳ ላይ አራት የእንጨት መስቀያ ይመታል፣ አለቀ። መስቀያው በልጁ ዓይን ትክክል እንዳይሆን ግን ከፍ ወይም ዝቅ ይደረግ።

የእኛው ቁም ሣጥን ሲያልቅ አንድ ነገር ጎደለ፤ የሚሰቀል ልብስ። የእህቴን አሮጌ ቀሚሶችና የኔን ሸሚዝ ሰቀልን፤ ሆኖም ዘንጉ ግማሹ ባዶ ነው። የአባቴ ካፖርት ገመድ ላይ እንደተሰጣ ሁላችንም እናየዋለን፤ ማንም ግን ደፍሮ አይናገርም። ከጮቄ የሚወርደውን ብርድ አባቴ በዚያ ካፖርት ነበር የሚያሳልፈው።

ትንሹ ልጅ ነው የደፈረው። ከገመዱ ጎትቶ አውርዶት ለበሰና እጅጌው መሬት እየጠረገ ወደ ሳሎን ገባ። የአባቴ ዱካ ላይ ተቀመጠ። ልክ እንደርሱ ሁለቴ ሳለና «ቡናው አልደረሰም?» አለ። ይህን ሳል ማን እንዳስተማረው አላውቅም፤ አባቴ ሲሞት ገና የሦስት ዓመት ልጅ ነበር። እህቴ ልትቆጣው ተነሣች። እናቴ እጇን ያዘቻትና ወደ ልጁ ዞራ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ባሏን ስትመልስ በኖረችበት ድምፅ፣ «ደርሷል፤ ትንሽ ይታገሡ» አለችው።

ልጁ ሊነሣ ሲል የካፖርቱን ጫፍ ረግጦ ወደቀ። ካፖርቱ መቆረጥ እንዳለበት ሁላችንም አየን። እናቴ ወደ ጓዳ ገባች፤ የሄደችው ለማልቀስ መስሎኝ ነበር። መቀስ ይዛ ተመለሰች። ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ከጉልበት በታች ያለውን ቆርጣ፣ ጫፉን አጥፋ፣ በእጇ ሰፋችው። የተቆረጠውን ጨርቅም አልጣለችውም፤ ጣት በምታህል ስፋት ቀደደችውና በዘንጉ ላይ ለተሰቀለው ለእያንዳንዱ ልብስ ከአንገቱ ላይ ማንጠልጠያ ሰፋችበት።